አራት መቶ ትሄዳለች

ኤሌክትሪክ መኪና ከያዝኩ ወዲህ የሰው ሰላምታ ተቀይሮብኛል። ድሮ የሚያውቀኝ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እንዴት ነህ? ልጆች ደህና?» ይለኝ ነበር። አሁን እጄን ሳይለቅ «ስንት ትሄዳለች?» ይላል። የሰፈር ሰው ይጠይቀኛል። ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመኝና መንጃ ፈቃዴን ሳያይ ይጠይቀኛል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው እንባውን ጠርጎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና እሱም ያንኑ ጠየቀኝ። ለሁሉም መልሴ አንድ ነው።

«አራት መቶ ትሄዳለች።»

ይህ መልስ እውነት የነበረበት ዘመን ነበረ። የዛሬ አራት ዓመት ከአስመጪው ግቢ ሳወጣት፣ ሙሉ ቻርጅ ተደርጋ ዳሽቦርዷ ላይ አራት መቶ የሚል ቁጥር በአረንጓዴ በርቶ ነበር። ከቁጥሩ በቀር ያለው ጽሑፍ ሁሉ ቻይንኛ ስለሆነ ማንበብ የቻልኩት እሱን ብቻ ነው። ያነበብኩትንም አመንኩ። ሰው ማንበብ የቻለውን ካላመነ ምን ሊያምን ነው?

ያን ጊዜ እኔን የሚያህል አልነበረም። ነዳጅ ሰልፍ ባየሁ ቁጥር ፍጥነቴን ቀንሼ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ለማውቀው ሁሉ በእጄ ሰላምታ እየሰጠሁ አልፋለሁ። አንድ ቀን ሰልፉ ውስጥ የማውቀው ሰው ስላላገኘሁ ዞሬ እንደገና አልፌያለሁ። ቢሮ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ባትሪ የማስረዳው እኔ ነበርኩ፤ ሰዎች ምሳ ሰዓታቸውን ወደ ሰባት ተኩል ማዛወር የጀመሩትም ያኔ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሙሉ የሞላኋት መኪና ሦስት መቶ ስልሳ አለች። ክረምቱ ነው አልኩ። ክረምቱ ወጣ፤ ቁጥሩ አልወጣም። በሦስተኛው ዓመት ሦስት መቶ ሆነ፤ የሰፈራችን የሲግናል መንገድ በመቆፈሩ ነው አልኩ። በአራተኛው ዓመት የማመካኝበት ስላለቀብኝ ላምበረት ወደሚገኝ አንድ ባለሙያ ወሰድኳት። ድሮ ሞባይል ይጠግን የነበረ ሰው ነው፤ አሁን መኪና ይጠግናል፤ ልዩነቱ የጠረጴዛው ስፋት ነው ብሎኛል። ከመሪው ሥር አንድ ሽቦ ሰክቶ ላፕቶፑን እያየ ቆየና፣

«ጤናዋ ስልሳ አምስት ነው» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

ባለሙያው ቀና ብሎ አየኝ። ሰው ጤና ሲጠየቅ የሚመልሰውን ነው የመለስኩት። ከመቶ ስልሳ አምስት ማለት መሆኑን፣ ማለትም ሙሉ ስትሞላ ሁለት መቶ ስልሳ ብቻ እንደምትሄድ፣ ቀስ አድርጎ አስረዳኝ። ባትሪም እንደ ሰው ነው፣ ይደክማል አለ። ከእንግዲህ ከሰማንያ በመቶ በላይ እንዳልሞላት፣ ከሃያ በታችም እንዳላወርዳት መክሮ ሸኘኝ። ከሁለት መቶ ስልሳው ላይ የላዩን ሃያና የታቹን ሃያ ቀንሶ የቀረውን ማስላት ለአንባቢ ትቼዋለሁ። እኔ አስልቼው በዚያ ቀን ምሳ አልበላ ብሎኛል።

ታዲያ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ነዳጅ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሰላም ያልኩት ሰው «ስንት ትሄዳለች?» ሲለኝ «ታማለች» ልበለው? አፌ ራሱ ያውቃል፤ እኔን ሳያማክር አራት መቶ ይላል። ባለቤቴ ትዕግስት ብቻ ነች ጉዴን የምታውቀው።

«ኪሎህንም ሲጠይቁህ የሰርጋችን ቀን የነበረውን ነው የምትናገረው» ትለኛለች።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ እኔና ውሸቴ ሲግናል ውስጥ በሰላም እንኖር ነበር። የታናሽ ወንድሜ የዳዊት ጉዳይ መጣ።

አባታችን ሲሞት ዳዊት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። የጫማ ማሰሪያ ማሰር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት፣ ሰላም የምትባል የሥራ ባልደረባውን ከወደዳት አራት ዓመት ሆኖታል። ችግሩ የሰላም አባት ናቸው። አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ የነዱ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው፣ ቤታቸው ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ እንጦጦ ዳገት ላይ ነው። ልጃቸውን ለሌሎች ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን ሁለት ጊዜ ከበር መልሰዋል። እሷ ደግሞ አባቴ ሳይመርቁኝ አላገባም ብላለች። ስለዚህ ሽማግሌ የሚላከው ለወግ ብቻ አልነበረም፤ የልጁ ዕድል እዚያ ዳገት ላይ ነበር።

«ወንድም ጋሼ» አለኝ ዳዊት፣ «ሰውየው ከዓለም ላይ የሚጠሉት አንድ ነገር ነው። ውሸት። እባካችሁ እኔን ለማሳመር ብላችሁ አታጋንኑ።»

«እኔ ዋሽቼ አውቃለሁ?» አልኩት። ከልቤ ነበር የጠየቅኩት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። አንደኛው የንስሐ አባታችን መምሬ ታደሰ ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር ነው፣ ክብደታቸው ግን በዚያ ልክ አይደለም፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ሁለተኛው የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ መኮንን ናቸው። ጋሽ መኮንን ሽምግልናን እንደ መንግሥት ሥራ ነው የሚያዩት፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚናገር፣ ምን ሲባል ምን እንደሚመለስ ያውቃሉ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። የእኔ ሽምግልና ከታላቅ ወንድምነቴና ከመኪናዬ የመጣ ነው። ጋሽ መኮንን የራሳቸው መኪና ነበራቸው፤ ግን «የአንተዋ አራት መቶ ትሄድ የለም እንዴ? እኔን ነዳጅ ሰልፍ ምን አሰለፈኝ» አሉ። ቃሌን ማመናቸው ነው።

ቀጠሮው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ዓርብ ዕለት የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ቅዳሜ መብራት መጣ ተባለ፤ የመጣው ግን አምፖል ለማየት አምፖል የሚያስፈልገው ዓይነት ነበር። እሑድ ጠዋት ዳሽቦርዱን ሳየው ዘጠና ይላል።

«እውነቱን ንገራቸውና በታክሲ ሂዱ» አለች ትዕግስት።

«ዘጠና አለ እኮ» አልኳት። «መንገዱ አሥር ኪሎሜትር ቢሞላ ነው። ዘጠና ለአሥር ምን ያንሳል?»

ይህ ስሌት በማንኛውም ትምህርት ቤት ሙሉ ነጥብ ያሰጣል። የሂሳብ መምህራን ግን ዳገትን ትተውታል።

ጉዞው በሰላም ተጀመረ። ጋሽ መኮንን ከፊት፣ መምሬ ከኋላ ተቀመጡ። ወደ ቀበና ስንወርድ ቁጥሩ ከዘጠና ወደ ዘጠና ሁለት ወጣ። ቁልቁለት ስትወርድ ራሷን እንደምትሞላ እየኮራሁ ለመምሬ አሳየኋቸው።

«እየሄደ የሚጨምር?» አሉ መምሬ። «በረከት ነው፣ ልጄ።» በመስቀላቸው ዳሽቦርዱን ባረኩት።

ከፈረንሳይ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር በረከቱ መነሳት ጀመረ። ሰባ ሆነ። አምሳ ሆነ። አንድ መታጠፊያ ላይ አርባ ሆኖ ገባ፤ ሲወጣ አሥራ አንድ ነበር። ማራገቢያውን አጠፋሁ። ሬዲዮኑን አጠፋሁ። የጋሽ መኮንን ስልክ ቻርጅ ላይ ስለነበረ በትሕትና ነቀልኩት።

«ስልኬ ነው እንዴ የሚከብዳት?» አሉ ጋሽ መኮንን።

ያኔ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ ኤሊ በራች። ምሳሌ አይደለም፤ ድንጋይ የተሸከመች የምትመስል ትንሽ ኤሊ፣ አራት እግርና ጭንቅላት ያላት። መኪናዋ ጉልበቷ ሲያልቅ የምታወጣው ምልክት ነው።

«ይህች ምንድን ናት?» አሉ መምሬ ከኋላ ሆነው።

«ኤሊ ናት፣ አባ።»

«ምን ትላለች?»

«ቀስ በሉ ነው የምትለው።»

መምሬ ምክሩን ወደዱት። ቀስ አልን። በጣም ቀስ ከማለታችን የተነሳ እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ሰላምታ ሰጥተውን አለፉ። ለጋሽ መኮንን ጉዳዩን ማስረዳት ግድ ሆነብኝ፤ ሆኖም ባትሪዋ ደክሟል ማለት ስላልቻልኩ «ከፍታው አልተስማማትም» አልኳቸው። ትንሽ ወደ ታች ተመልሰን ብንወርድ ግን ራሷን ትሞላለች አልኩ።

«ትሞላና?»

«እንደገና እንወጣለን።»

«ስንወጣስ?»

«ታልቃለች።»

ጋሽ መኮንን ነገሩ ከባትሪ በላይ መሆኑን ነገሩኝ። «ልጅ ሊጠይቅ የወጣ ሽማግሌ ከመንገድ ከተመለሰ ገድ የለውም። ወደ ኋላ አንድ ጎማ እንዳይዞር!» ይህን ብለው ሳይጨርሱ መኪናዋ ቆመች። ቆማም አልቀረች፤ ወደ ኋላ አንድ ጎማ ዞረች። ፍሬን ያዝኩ።

የሚቀጥለው ጥያቄ ማን ወርዶ ይግፋ የሚለው ነበር። መምሬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጋሽ መኮንን የሽማግሌ መሪ ተሰባሳቢዎቹን ይመራል እንጂ መኪና አይገፋም አሉ። እኔ ብወርድ ፍሬኑን ማን ይይዛል? በዚህ ላይ እየተወያየን ሳለ አንድ ረዥም ሽማግሌ በእጃቸው ለስላሳ የሞላ ፌስታል አንጠልጥለው ዳገቱን ሲወጡ ደረሱብን። መምሬን አይተው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መስቀል ተሳለሙ። ከዚያ መኪናዋን በዝግታ ዞሯት፣ ጎንበስ ብለው ሥሯን አዩ፣ የሌላትን የጭስ ማውጫ ሲፈልጉ ቆዩና ወደ መስኮቴ መጡ።

«የባትሪ ናት?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ስንት ትሄዳለች?»

አንባቢ ሆይ፣ መኪናዋ ቆማለች። ኤሊዋ እንኳ ጠፍታለች። እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው። አፌ ግን ተከፈተና፣

«አራት መቶ ትሄዳለች» አልኩ።

ሰውየው እኔን አዩኝ፣ መንገዱን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ።

ፌስታላቸውን ከመምሬ ጎን አስቀመጡና ትእዛዙን ተረከቡ። «ታኮ!» ብለው ሲጮኹ ጋሽ መኮንን ሳይታወቃቸው ዘለው ወርደው ለጎማው መደገፊያ ድንጋይ ይፈልጉ ጀመር። ሰውየው አጥፋት አሉኝ፣ አጠፋኋት። አሥር ደቂቃ ትረፍ አሉ፣ አረፈች። ስትነሳ ኤሊዋ ተመልሳ በራች። እኔ ነዳሁ፣ ሰውየውና ጋሽ መኮንን ከኋላ ገፉ፣ በየአሥር ሜትሩ «ታኮ!» ይባላል፣ ጋሽ መኮንን ከረባታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ድንጋይ ያስገባሉ። መምሬ ፌስታሉን አቅፈው ከመኪናው ሳይወርዱ ጸለዩልን።

ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድን ሰውየው አንድ የብረት በር ከፈቱ። «እዚህ አስገባት፣ ሶኬት አለ» አሉ። ደግ ሰው አይጠፋም ብዬ አመሰገንኳቸው። ገመዴን ከኮፈን አውጥቼ ራሳቸው ያሳዩኝ ሶኬት ላይ ሰካሁ። መኪናዋ አንዴ ጢጥ አለችና መሙላት ጀመረች። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

ጋሽ መኮንን ላባቸውን ጠርገው፣ ከረባታቸውን አስተካክለው፣ «እንደው የአቶ ደምሴን ቤት ያውቁት ይሆን?» አሏቸው።

«አውቀዋለሁ» አሉ ሰውየው። «የቆማችሁበት ነው።»

አንባቢ ቀደም ብሎ እንደገመተ አውቃለሁ። እኔ አልገመትኩም። ነገር መገመት ብችል ኖሮ ይህችን መኪና አልገዛም ነበር።

ጋሽ መኮንን ፊታቸው ዐመድ መሰለ። የደነገጡት በመዘግየታችን ወይም በመኪናው አልነበረም፤ ሥርዓቱ በመፍረሱ ነበር። ሽማግሌ በር አንኳኩቶ፣ ማን ነው ተብሎ፣ ከነክብሩ ይገባል እንጂ እየገፋ አይገባም። ስለዚህ «ይቅርታዎን፣ እንደገና እንገባለን» አሉ። አቶ ደምሴም አልሳቁም። ሦስታችንን ወደ ውጭ አስወጡን፣ በሩን ዘጉብን፣ ጋሽ መኮንን አንኳኩ።

«ማን ልበል?» አሉ አቶ ደምሴ ከውስጥ።

«የእግዚአብሔር እንግዶች ነን።»

በሩ ተከፈተ። ሳሎን ገባን፣ በማዕረጋችን ቅደም ተከተል ቆምን። ሽማግሌ ጥያቄውን አቅርቦ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም። ጋሽ መኮንን ጥያቄውን አቀረቡ፤ የተከበረች ልጅዎን ሰላምን ለልጃችን ለዳዊት እንዲሰጡን ብለው የተማረ፣ የታረመ፣ ከሰው የተስማማ፣ ቃሉን የሚያከብር እያሉ ረጅም መንገድ ሄዱ። ሲጨርሱ አቶ ደምሴ ተቀመጡ አሉ። አንቀመጥም አልን። ለስላሳ ይቅረብ አሉ።

«ቃል ሳናገኝ ከዚህ ቤት እህል ውሃ አንቀምስም» አሉ ጋሽ መኮንን ደረታቸውን ነፍተው።

አቶ ደምሴ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሁላችንም አብረን ዞርን። ግቢው ውስጥ መኪናዬ ገመዷን እንደሰካች ቆማለች፤ አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል።

«አንደኛዋ እንግዳ ግን ጀምራለች» አሉ አቶ ደምሴ።

ጋሽ መኮንን ለዚህ የሚሆን ደንብ አልነበራቸውም። ሮጬ ልነቅላት ዞርኩ። አቶ ደምሴ እጄን ያዙኝ።

«ትብላ። እሷ አልዋሸችም። አንተ የልጁ ታላቅ ነህ አይደል?»

«ነኝ፣ አባቴ።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። ዛሬ ከሱቅ ለስላሳ ይዤ ስወጣ ሁለት ቦታ አርፋለሁ። ስንት ትሄዳለህ ለሚለኝ ሰው ግን የዛሬውን ነው የምነግረው። አንተ የቆመች መኪና ላይ ተቀምጠህ አራት መቶ አልከኝ። አሁን እነዚህ አባቶች ስለ ወንድምህ ብዙ ጥሩ ነገር ነገሩኝ። ከምትሉት ላይ ስንት ልቀንስ?»

መምሬ አቀረቀሩ። ጋሽ መኮንን ጣሪያ ያዩ ነበር። እኔ ዳዊት በዚያ ሰዓት ስልኩን በእጁ ይዞ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ታየኝ፣ አፈርኩም። ልጁ አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመነኝ።

«ሁለት መቶ ስልሳ ነው የምትሄደው» አልኩ። «እሱም ሙሉ ስትሞላ፣ በሜዳ። ደክማለች። ካወቅሁ ቆይቻለሁ።»

«ሁለት መቶ ስልሳ?» አሉ ጋሽ መኮንን፣ የእድሩ ድንኳን የተሰረቀ ያህል ደንግጠው።

«ወንድምህስ?» አሉ አቶ ደምሴ።

«ዳዊት ጠዋት ካልቀሰቀሱት አይነሳም። ቁልፍ ይጥላል፤ በዚህ ዓመት ብቻ ሦስቴ ቁልፍ አስቀይሯል። ሲናደድ አይሳደብም፣ ያኮርፋል። ሁለት ቀን ያኮርፋል።» ጋሽ መኮንን ኮቴን ሲጎትቱ ተሰማኝ፤ አልቆምኩም። «እናታችን ታማ ስምንት ወር አልጋ ላይ ነበረች። ሰው ሲጠይቀኝ ተራ በተራ እናስታምማታለን ነበር የምለው። ውሸት ነው። ያጥባት፣ ያገላብጣት የነበረው ዳዊት ነው። እኔ ማየት አልቻልኩም። በር ላይ ቆሜ አልቅሼ እመለስ ነበር። ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።»

አቶ ደምሴ ወደ ጓዳ ዞሩና «ሰላም!» ብለው ተጣሩ። ልጅቱ ወጣች፤ በሩ ጀርባ እንደነበረች ግልጽ ነው። አንገቷን ሰበር አድርጋ ቆመች።

«ይህ ሰውዬ የተናገረውን ሰምተሻል። እውነት ነው?»

«አይደለም፣ አባዬ» አለች።

የጋሽ መኮንን እጅ ኮቴን ለቀቀ።

«የሚያኮርፈው ሁለት ቀን አይደለም። ሦስት ነው» አለች ሰላም። ከዚያ ቀና አለች። ዓይኗ ሞልቷል። «የእናታቸውን ነገር ግን አላውቅም። አራት ዓመት ሙሉ አልነገረኝም።»

አቶ ደምሴ ልጃቸውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንዱ የሌለውን ያወራል፣ አንዱ ያለውን ይደብቃል» አሉ። «ከአንድ እናት እንዴት ወጣችሁ?»

ወደ ልጃቸው ዞረው «አንቺስ አሁንም ትፈልጊዋለሽ?» አሏት። ሰላም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። አቶ ደምሴ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ እኛ ሳቡልን። መምሬ ጋሽ መኮንንን ሳይጠብቁ ቀድመው ቁጭ አሉ፤ ጋሽ መኮንንም ቅደም ተከተሉን ረስተው ተከተሏቸው። እኔ በረንዳ ወጥቼ ደወልኩ። ዳዊት ገና ሳይጠራ አነሳው።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን አሉ?»

በመስኮቱ ወደ ሳሎኑ ዞሬ አየሁ።

«ተቀመጥን» አልኩት።